የአራት ኪሎ ጋዜጣ ኪራይ፦ በኮሮና ዓመት የተመረቀች ሥራ ፈላጊ ግምገማ

አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ የሚያከራዩ ሰዎች መኖራቸውን አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ከክልል ለመጣ አዲስ ተመራቂ ግን ማስረዳት ያስፈልጋል። ነገሩ ቀላል ነው። አከራዩ መንገድ ዳር ላስቲክ ያነጥፋል። የሳምንቱን ጋዜጦች ይደረድርና ንፋስ እንዳይወስዳቸው ድንጋይ ይጭንባቸዋል። እናንተ ትንሽ ብር ከፍላችሁ ትወስዳላችሁ። እዚያው አካባቢ መቀመጫ ፈልጋችሁ የሥራ ማስታወቂያውን ትገለብጣላችሁ። ከዚያ ትመልሳላችሁ። ኪራዩ ከአጭር የታክሲ መንገድ ሂሳብ አይበልጥም። የሚወጣውን ጋዜጣ ሁሉ እየገዙ ማንበብ ግን ሥራ ለሌለው ሰው አይታሰብም።

ብዙ ሰው በቴሌግራም ዘመን ጋዜጣ መከራየት ኋላ ቀርነት ነው ይለኛል። እኔ አልስማማም። ለአዲስ ተመራቂ በዚህ ዋጋ ከዚህ የሚሻል አገልግሎት አላገኘሁም። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን ለምን እንደቀነስኩ ወደታች እነግራችኋለሁ። እንዲህ የምሟገትለት አገልግሎቱ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ስላየሁ ነው። ያየሁት ደግሞ በኮሮና ጊዜ ነው።

መጀመሪያ አጠቃቀሙን ልንገራችሁ። ሪፖርተር ረቡዕና እሁድ ይወጣል። አዲስ ዘመን በየቀኑ አለ። ቦታው የሚደምቀው እሁድ ጠዋት ነው። እስክሪብቶና ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ስልክ ካሜራ ያለው ሰው ፎቶ እያነሳ ይሄዳል፣ አከራዮቹም ብዙ አይቆጡም። እኔ ግን በእጅ መጻፍን እመርጣለሁ። በእጃችሁ ስትጽፉት መስፈርቱን በደንብ ታነቡታላችሁ። ፎቶ ያነሳችሁትን ግን ቤት ስትደርሱ ትረሱታላችሁ። ሌላው ጥቅም የቆየ ዕትም መኖሩ ነው። ብዙው ማስታወቂያ «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ» ይላል። ስለዚህ ያለፈው እሁድ ቢያመልጣችሁም ጊዜ አላችሁ። አከራዩን ጠይቁት፣ ከሥር አውጥቶ ይሰጣችኋል።

አንድ ማስታወቂያ አብረን እንይ። የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ ጀማሪ አካውንታንት። ተፈላጊ ችሎታ፦ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት። ብዛት፦ 1። ጾታ፦ አይለይም። የቅጥር ሁኔታ፦ በቋሚነት። ደመወዝ፦ በስምምነት። የአዲስ ተመራቂ ዓይን ቀጥ ብሎ የሚሄደው ልምዱ ላይ ነው። ዜሮ ካየ ደስ ይለዋል፣ ሁለት ዓመት ካየ ገጹን ይገለብጣል። እኔ ደመወዙ ላይም ቆም በሉ እላለሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዙን በቁጥር ይጽፋል። ባንክ «በባንኩ ስኬል መሠረት» ይላል። የግል ድርጅት «በስምምነት» ይላል። ሦስቱን አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ስታዩ የሙያችሁ ዋጋ ስንት እንደሆነ መገመት ትጀምራላችሁ። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ የሚመጣው አንድ በአንድ ነው። መጣ፣ አለፈ፣ ሌላ መጣ። ገበያውን በአንድ ዓይን የሚያሳየኝ ጋዜጣው ነው።

ከጋዜጣው እኩል የሚጠቅመው ደግሞ ጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ነው። «እዚያ አትድከሚ፣ ባለፈው ወር ፈትነውን ሳይጠሩን ቀሩ» የሚላችሁ እሱ ነው። የፈተናው ጥያቄ ምን እንደነበር፣ ሲቪ የሚቀበሉት በፖስታ ይሁን በአካል፣ ዋስ ይጠይቁ እንደሆነ የምትሰሙት እዚያ ነው። ገንዘብ ያዥ ለመሆን የሚያመለክት ሰው ስለ ዋስ ቀድሞ ማወቅ አለበት። ጋዜጣው ይህን ሁልጊዜ አይጽፍም።

አሁን ወደ ኮሮና ልመለስ። እኔ በ2012 መመረቅ የነበረብኝ የአካውንቲንግ ተማሪ ነበርኩ። የተመረቅኩት በ2013 ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። በቀናት ውስጥ ትምህርት ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ እኛም ከግቢ ውጡ ተባልን። ዕቃችንን ዶርም ትተን ወጣን። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ታክሲ በግማሽ እንዲጭን ተደረገ፣ ሂሳቡም እጥፍ ሆነ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። አሠሪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት፣ የቤት አከራይም ተከራዩን እንዳያስወጣ ታዘዘ።

ሠራተኛ እንዳይባረር መከልከሉ ዛሬም ትክክል ነበር እላለሁ። አባቴ ሥራውን ይዞ የቆየው በዚያ ምክንያት ነው። ግን የተጠበቀው ቀድሞ የገባው ሰው ነው። ደጅ ላይ ያለነው ከምን እንሰናበታለን? ማሰናበት የተከለከለ አሠሪ፣ ገበያው ደግሞ የቀዘቀዘበት አሠሪ፣ አዲስ ሰው ከመውሰድ ይቆጠባል። ስለ ኮሮናና ሥራ ሲወራ ስለተባረረው ሰው ነው የሚወራው። ገና ስላልተቀጠረው ብዙም አልተወራም። በየትኛውም የደሞዝ መዝገብ ላይ ስማችን ስለሌለ ማጣታችንም አልተመዘገበም።

ክረምቱ ላይ ዲግሪው እስኪመጣ የተገኘውን ልሥራ ብዬ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ አራት ኪሎ ወረድኩ። ቦታው ጭር ብሏል። ከአራት ሰው በላይ አይሰበሰብም በተባለበት ጊዜ ሰው የሚከማችበት አገልግሎት እንዴት ይሠራል? ከሚያከራዩት አንድ አባት ብቻ ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። ማስካቸውን አገጫቸው ሥር አድርገዋል። አጠገባቸው ቧንቧ የተገጠመላት ቢጫ ጄሪካንና የተቆረጠ ሳሙና አለ። «የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ፣ ከዚያ ውሰጂ» አሉኝ። ስመልስ ደግሞ ያነበብኩትን ጋዜጣ ለብቻው አስቀመጡት። ለሌላ ሰው ወዲያው አልሰጡትም። ንጹሕ ሥራ ነበር። ግን በዚያ አካሄድ በቀን ስንት ሰው ያስተናግዳሉ? እሳቸውም ከሥራ ፈላጊው እኩል ገቢያቸው ሄዷል።

ጋዜጣው ራሱ ሳስቷል። በደህናው ጊዜ ገጽ ከገጽ የሚሞላው የሥራ ማስታወቂያ ተመናምኖ ጨረታና ሐራጅ በዝቶ ነበር። የሆቴል ማስታወቂያ ጠፍቷል። የጉብኝት ድርጅት ጠፍቷል። የግል ትምህርት ቤት መምህር የሚፈልግበት ክረምት እንኳ ዝም ብሏል። የሚታየው የጤና ባለሙያ ፍለጋ ነበር። የዶርም ጓደኛዬ በነርስነት ቀድማ ተመርቃ ስለነበር በጊዜያዊ ውል ገባች። ሚሊኒየም አዳራሽ የኮሮና ሕክምና ማዕከል የሆነበት ጊዜ ነው። በየለይቶ ማቆያው ሰው ይፈለግ ነበር። እሷ በዚያ ወቅት ከሁላችን የተሻለ ገንዘብ አገኘች። ውሉ ሲያልቅ ግን ቋሚ ሥራ አልሰጧትም። እንደገና ከኛ ጋር ጋዜጣ ልታነብ መጣች። በቱሪዝም የተመረቀው የክፍሏ ልጅ ወንድም ደግሞ በሙያው አንድም ቀን ሳይሠራ የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ ገባ። ዛሬም እዚያው ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሦስት ቋንቋ ይናገራል።

ጋዜጣው ሲሳሳ ሥራ ፍለጋው ወደ ስልክ ሄደ። ይህ ለአንዳንዱ ሰው ጥሩ ሆነለት። ዳታ መግዛት የሚችል፣ ኮምፒውተር ቤቱ ያለው፣ ሲቪውን በኢሜይል የሚልክ ሰው ታክሲ ሳይከፍል ብዙ ቦታ አመለከተ። ሌላው ግን ጭራሽ ከገበያው ወጣ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ። ያኔ ስልኩም ዝም አለ። ጋዜጣው ሳስቷል፣ ቴሌግራም የለም። የማስታወቂያው ቀን ያልፋል፣ እኛ አናውቅም። ጋሼ በዚያ ሰሞን ከሰዓት በኋላም ይቀመጡ ነበር። ለዚህ ነው ይህን አገልግሎት ተጠባባቂ አድርጌ የማላየው። መብራትም ኔትወርክም ሳይል የሚሠራ እሱ ብቻ ነበር።

የዓለም ባንክ በዚያ ወቅት በስልክ ባካሄደው ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑ ቤተሰቦች ገቢያችን ቀንሷል ወይም ጠፍቷል ብለዋል። ይህ ለተመራቂ ምን ማለት እንደሆነ ቤታችን ውስጥ አይቻለሁ። ቤተሰብ ገቢው ሲቀንስ ተመራቂ ልጁን ቁጭ ብለሽ ጥሩ ሥራ ጠብቂ አይልም። ማንም ባይናገርም ሁሉም ይጠብቃል። የተገኘውን ትቀበላላችሁ።

እኔም ተቀበልኩ። በ2013 ከተመረቅኩ በኋላ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ በስምምነት ተቀጠርኩ። ስምምነቱ 3,500 ብር ነበር። ቢሮ ገባሁ፣ ሰውዬው ስንት ትፈልጊያለሽ አለኝ፣ ሳልመልስ እሱ ራሱ መለሰ። ብዙ ሰው እየጠበቀ ነው ብሎ በሩን በዓይኑ አሳየኝ። ውጪ በእውነት ሰው ነበር። የእኛ ባችና ከኋላችን ያለው ባች ተጠጋግተን ስለወጣን ለአንድ ወንበር የሚሰለፈው በዝቷል። በዚያን ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለጀማሪ ዲግሪ 3,934 ብር ብሎ ሲያወጣ ጋዜጣ ላይ አይተናል። በዚህ ደሞዝ አንድ ኩንታል ጤፍ የገዛ ሰው ለቤት ኪራይ የሚተርፈው የለም። የእኔ ከሱም ያንሳል።

የሰፈሬ ልጅ ከእኔ አንድ ባች ቀድማ በ2011 ተመረቀች። ትምህርታችን አንድ ነው፣ ውጤታችንም ይቀራረባል። እሷ ኮሮና ሳይመጣ ባንክ ገብታ ነበር። በሩ ሲዘጋ ውስጥ ነበረች። እኔ ደጅ ነበርኩ። ልዩነታችን ይኸው ነው። እሷ ዕድገት ስታገኝ እኔ 3,500 ላይ ነበርኩ። ሥራ ለመቀየር ስሞክር ደግሞ ቀጣሪው ሁሉ የመጨረሻ ደሞዝሽ ስንት ነበር ይላል። 3,500 ስል አራት ሺህ ይሰጠኛል፣ እንደ ውለታ። የኮሮናው ዓመት ደሞዝ እንዲህ ነው ከሰው ጋር የሚጓዘው። ወረርሽኙ አልፎ ማስኩ ከተጣለ በኋላም ደሞዜ እዚያው ነበር። በዚህ ላይ በ2013 ጥቅምት ጦርነቱ ተጀመረ። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። ሁሉንም በኮሮና አላሳብብም። ግን ዝቅ ብሎ የጀመረ ሰው የዋጋ ንረት ሲመጣ የሚጎዳው ይበልጥ ነው።

ሌላም አለ። የባንክ ቅጥር እንደገና ሲከፈት ማስታወቂያው ትኩስ ተመራቂ መፈለግ ጀመረ። የምረቃ ዓመት ይጽፋሉ። የእኛ ዓመት የለበትም። ልምድ ያለው አይደለንም፣ አዲስ ተመራቂም አይደለንም። አሠሪዎች ይህን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። በ2012 እና በ2013 የወጣ ሰው ሲቪው ላይ ባዶ ዓመት ካለው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የምረቃ ዓመትን ከመስፈርት አውጡት። የመጨረሻ ደሞዝንም አትጠይቁ። ለወንበሩ የመደባችሁትን ቁጥር ጻፉ። ቁጥሩ ጋዜጣ ላይ ቢታይ የተራበ ሰው በራፋችሁ ላይ ከራሱ ጋር አይደራደርም።

ዛሬ የምሠራው ባንክ ነው። ያገኘሁትም በ2015 አራት ኪሎ በተከራየሁት ጋዜጣ ነው። ማስታወቂያው ስልኬ ላይ አልመጣም። ብዙ ቻናል ተቀላቅዬ ነበር፣ አንዱም አልለጠፈውም። ጎኔ የተቀመጠች ልጅ ናት በጣቷ ያሳየችኝ። ሁለታችንም አመለከትን፣ ሁለታችንም ገባን። አሁንም ጓደኛዬ ናት።

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ የመውጫ ፈተናውን አልፎ ሲመረቅ እዚያው ይዤው ሄድኩ። አከራዮቹ ከድሮው ቀንሰዋል። የጋዜጣ ወረቀት ተወዷል፣ ወጣቱም ወደ ስልክ ሄዷል። ግን አሉ። በቴሌብር ትከፍላላችሁ ሲሉት ልጁ ገረመው። ከዚያ ተቀምጦ ሲያነብ በአንድ ነገር ደነገጠ። «እቴ፣ እንዲህ ዓይነት ሥራ መኖሩን አላውቅም ነበር» አለኝ። የሱ ቻናሎች የሚያሳዩት የሽያጭ ሥራ ብቻ ነበር። ስፖርቱን ሳይሆን የግዢና ንብረት አስተዳደር መደቦችን ገልብጦ ሁለት ገጽ ሞላ። «በስምምነት» የሚለው ጋ ሲደርስ ስንት ልበል ብሎ ጠየቀኝ። የመንግሥቱንና የልማት ድርጅቶቹን ቁጥር ከላይ እስከ ታች እንዲጽፍ አደረግኩት። መካከሉን አየን። ኢንተርቪው ስትገባ ከዚህ በታች እንዳትል አልኩት። ለዚህ ሁሉ የከፈለው የአንድ ሻይ ዋጋ አይሞላም።

ኮከብ የቀነስኩበትን ልንገራችሁ። መቀመጫ የለም። ጥላ የለም። ክረምት ከሆነ ዝናብ፣ በጋ ከሆነ ፀሐይ ራሳችሁ ላይ ነው። መጸዳጃ የለም፣ ለሴት ይህ ከባድ ነው። ከተማው መንገድ ሲያሳምር ለእነዚህ ሰዎች አንድ የተሸፈነ ጥግና ጥቂት አግዳሚ ወንበር ቢያስብ ብዙ ወጪ አይሆንም። በአካባቢው ደግሞ ሥራ እናስገባችኋለን እያሉ የምዝገባ ብር የሚቀበሉ ሰዎች አይጠፉም። እነዚህ ከጋዜጣ አከራዮቹ ጋር አይገናኙም፣ አታደባልቋቸው። ማንም ሰው ሥራ ሳታገኙ ብር ክፈሉ ካላችሁ ተነሱና ሂዱ። እውነተኛ ቀጣሪ ከአመልካች ገንዘብ አይቀበልም።

ስትሄዱ ቴምፖውን፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪውን፣ እና ስቱደንት ኮፒውን፣ ማለትም የውጤት ወረቀቱን፣ ከነኮፒያቸው ያዙ። ዋናውን ዲግሪ የወጪ መጋራት ሳትከፍሉ አታገኙትም፣ አብዛኛው ቀጣሪም በቴምፖ ይመዘግባል። ኮፒ ቤት እዚያው አካባቢ ሞልቷል፣ ግን እሁድ ብዙው ዝግ ነውና ቅዳሜ ጨርሱ። ጋዜጣውን ስትቀበሉ ገጹ የተሟላ መሆኑን ከአከራዩ ፊት ቁጠሩ። ማስታወቂያ ገንጥሎ ኪሱ የሚከት ሰው አለ፣ ጋሼም በዚህ ይናደዳሉ። የተገነጠለ ካጋጠማችሁ ንገሯቸው፣ ሌላ ይሰጧችኋል። ከሁሉም በላይ እሁድን በጠዋት ድረሱ። ከቀትር በኋላ የሄደ ሰው የሚያገኘው የተገነጣጠለውን ነው።